በቆጣሪው ሥር የተጠራ አውጫጭኝ

መብራት የሚበላው የሚያበራና የሚጮህ ዕቃ ነው ብዬ አርባ ዓመት አምኜ ኖሬያለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ በገዛ ጭንቅላቴ የደረስኩበት ነው፤ ለመተው የከበደኝም ለዚያ ይመስለኛል። አምፖል ያበራል፤ ስለዚህ ይበላል። ቴሌቪዥን ያበራልም ይጮሃልም፤ ስለዚህ እጥፍ ይበላል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ግን ምን አፍ አለውና ይበላል? ከአባቴ በሬዎች መካከል ድርቆሹን ሙልጭ አድርጎ የሚጨርሰው ድምፁ ተሰምቶ የማያውቀው እንደነበር ያኔ ትዝ አላለኝም።

ስሳሳት ብቻዬን ብሆን ደግ ነበር። ልክ ስሆን አጠገቤ አንድ ሰው አይገኝም፤ የተሳሳትኩ ዕለት ግን ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለት ተከራይና ሚስቴ ቆመው ነው ያዩኝ። እሱን ነው የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በፋኖስ ነው፤ አጻጻፌ ከተንጋደደ በፋኖሱ አሳብቡ።

የምኖረው ላፍቶ ነው። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሜዳ አባቴ ሽምብራ የሚዘራበት ነበር። መሬቱ ሄዶ ግቢው ቀረኝ። ከግቢው ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠርቼ አከራያለሁ። በአንደኛው ዘበኛ ይኖራል፤ ወንደላጤ ነው፤ ለቡ ሰፈር በሚሠራ ሕንፃ ያድርና ቀኑን ሲተኛ ይውላል። በሁለተኛው ልብስ ሰፊ ሴት ትኖራለች፤ ባሏ የሞተባት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ከወደ ስልጤ የመጣች። ቆጣሪያችን አንድ ነው፤ ካርድ እየሞሉ የሚጠቀሙበት ዓይነት። ካርዱን የምሞላው እኔ ነኝ፤ እነሱ ከኪራዩ ጋር ድርሻቸውን ይሰጡኛል። ድርሻው የሚወጣው በእኔ ሕግ ነበር፤ በአምፖል ቁጥርና በጩኸት መጠን።

ቁጠባ አውቅበታለሁ ባይ ነበርኩ። ሳሎናችን ውስጥ የሰቀልኳት አምፖል እንዲያው ለስሙ ነበር የምትበራው። በሷ ብርሃን ራት ስንበላ ባለቤቴ ለእኔ ያዘጋጀችውን ጉርሻ ለድመቷ አጉርሳለች፤ አውቃ ይሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ፍሪጁን ማታ ማታ ነቅዬ ጠዋት እሰካዋለሁ። ወተቱ ሲበላሽ ባለቤቴ፣ ፍሪጁም እንደ አንተ ሲነቅሉት ያኮርፋል ትላለች። ቴሌቪዥን የምናየው ለዜና ብቻ ነው፤ ዜናውም መጥፎ ከሆነ ሳያልቅ አጠፋዋለሁ። ለተከራዮቼ ደግሞ ካውያና ስቶቭ ክልክል ነው ብያለሁ። ከሕጎቼ ሁሉ በትክክል ያወጣኋት ይህቺን አንዷን ነበር፤ እሷንም ያወጣኋት ቤት ያቃጥላሉ ብዬ ፈርቼ እንጂ ስለ ፍጆታ የማውቀው ነገር ኖሮኝ አልነበረም።

እንግዲህ በዚያ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት አዲስ ዕቃ ግቢያችን ገባ። አንደኛው ቦይለር ነው። ወገቤን ያመኛል እያልኩ ሳማርር ልጃችን አዘነችና በሙቅ ውሃ ይታጠብ ብላ አስገጠመችልን። መታጠቢያ ቤታችን ግቢው ጥግ ላይ ከሰርቪሶቹ ጋር ተያይዞ ነው የተሠራው፤ ቦይለሩ እዚያ ግድግዳ ላይ ነጭ ለብሶ፣ ሆዱን ገፍቶ፣ እንደ ደብር አለቃ ጉብ አለ። የገጠመው ሰውዬ ሲወጣ ምንም አትንኩት አለን። እኔ ሰው የሚለኝን አልሰማም፤ ያቺን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ ሰማሁ። አልነካነውም።

ሁለተኛው ዕቃ የልብስ ሰፊዋ ሞተር ነው። በእግር ትረግጠው በነበረው የስፌት መኪና ላይ ሞተር አስገጠመች። ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም ልትሰፋ ተዋውላ ስለነበር በእግር አልደርስም ብላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጓዳዬ ሆኜ ድምፁን እሰማለሁ። ይጀምራል፣ ይንጫጫል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይንጫጫል።

ክረምቱ ሲገባ ካርዱ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። ድሮ ወር የሚያደርሰን በአጋማሹ ጥሎን ይሄዳል። እኔ ደግሞ የሚያስብ ሰው ነኝ፤ ተቀምጬ አሰብኩ። ሁለት ዕቃ ገብቷል። አንዱ ዝም ብሏል፣ አንዱ ይጮሃል። ፍርዱን ለመስጠት ሻዬን እንኳን አልጨረስኩም።

ነሐሴ መባቻ ላይ በሯ ሄጄ ቆምኩ። ሰማያዊው ጨርቅ እስከ ጣራው ተቆልሏል፤ ልጆቿ ጨርቁ ላይ ተኝተዋል። ቤቱን እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትለቅ ነገርኳት። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ፈገግ አለች። ቀልድ እንዳልሆነ ስታውቅ ምን አጠፋሁ አለችኝ። ሞተርሽ መብራቱን እየጨረሰ ነው አልኳት። ሞተሩ ትንሽ ነው፣ ይህ ነው የሚባል ነገር አይበላም አለች። ሲበላ እኮ እሰማዋለሁ አልኳት።

«አባባ፣» አለች፣ «ድምፅ በቆጣሪ ውስጥ አያልፍም።»

መልስ ሲያጣ የሚናደድ ሰው አይታችሁ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ እንደዚያ ነኝ። የተናገርኩትን ደግሜ ተናግሬ ሄድኩ።

የሷ ነገር እንዴት እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ፤ ያኔም ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም፣ ልስማው ስላልፈለግኩ ነው። ጨርቁን በዱቤ ነው የወሰደችው። ትምህርት ሊከፈት የቀረው የነሐሴና የጳጉሜ ቀን ብቻ ነው። በዚህ ዝናብ የስፌት መኪና፣ ይህን ሁሉ ጨርቅና ሁለት ልጅ ይዛ የሚቀበላት አከራይ ፍለጋ ከደላላ ጋር ስትዞር ከረመች። መኪና ያለው ሰው መብራት ይጨርሳል ይሏታል፤ እንደኔ የሚያስብ አከራይ ከተማውን ሞልቶታል። ፉሪ አንድ ክፍል አገኘች፤ መብራት ገና አልገባለትም። ዩኒፎርሙ ሳይደርስ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ሥራውም ይቀራል፣ የጨርቁም ዕዳ ራሷ ላይ ይቀራል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች። አልተጣላችኝም፤ ከመጣላት የባሰ ነገር አደረገች። ሽሮውን አቀዝቅዛ ታቀርብልኛለች። ምነው ስላት፣ ማሞቅ መብራት ይጨርሳል ትለኛለች።

ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻ ወደ ሐጂ ሄደች። ሐጂ ያገሯ ሰው ናቸው፤ ብዙ ዘመን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲሸጡ ኖረው አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው ትተዋል። የዕድራችንን ዳኛ አስከትለው መጡ። ዳኛው አብሮ አደጌ ነው፤ አባቱ ከአባቴ ማሳ አጠገብ ያርሱ ነበር፤ ስለዚህ እኔን ማክበር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሐጂ በትሕትና ማስረጃህ ምንድን ነው አሉኝ። ጆሮዬ ነው አልኳቸው። ዳኛው፣ ያ ጆሮ እኮ ለዕድር ክፍያ ስንጠራህ አይሰማም አለኝ።

ነገሩ ክብሬን ነካኝና እኔው ራሴ አውጫጭኝ ይጠራ አልኩ።

ለማታውቁት፣ በአባቶቻችን ጊዜ አንድ ሰው ላሙ ስትጠፋበት የመንደሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም፤ የሚያርስም አያርስም፣ የታመመም አይተኛም። እያንዳንዱ ይምላል፣ ያየ ያየውን ይናገራል። አባቴ በአንዱ አውጫጭኝ ሦስት ቀን ተቀምጦ ላሟ በአራተኛው ቀን በገዛ እግሯ መጣች እያለ ይነግረን ነበር። እኔም በዚህ ሕግ ይሁን አልኩ። በግቢው ያለ ሰውም ዕቃም ይቅረብ፤ መብራቱን የሚበላው እስኪወጣ ማንም ንቅንቅ እንዳይል። ሐጂ ሣቅ ብለው መልካም ሐሳብ ነው አሉ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ፍልሰታ ላይ አደረግሁት፤ በጾም ቀን ሽማግሌ በሽሮ ይሸኛልና።

በቀጠሮው ጠዋት ያካፋ ነበር። ቆጣሪያችን በር አጠገብ ካለው ግንብ ላይ ነው፤ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር አግዳሚ አስቀመጥን። ቆጣሪው ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቀይ መብራት አለች፤ ትጠቅሳለች። በዚህ ዕድሜዬ የምትጠቅሰኝ እሷ ብቻ ናት። ሐጂ እሷን እዩ አሉን፤ ብዙ ሲበላ ቶሎ ቶሎ ትጠቅሳለች፣ ትንሽ ሲበላ አልፎ አልፎ፣ ምንም የሚበላ ከሌለ ትቆማለች። እንግዲህ ሁሉም ዕቃ ይጥፋና መቆሟን እንይ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እያበራን ማን እንደሚያስጠቅሳት እናያለን።

ዳኛው መሐላ ይቅደም አለ። ዘበኛው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ማለ። ልብስ ሰፊዋ በሃይማኖቷ ማለች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንገትጌዋ ላይ መርፌ ሰክታለች። የኔ ተራ ሲደርስ ተነሣሁ። ዕቃዬን በሙሉ አጥፍቻለሁ፤ ከኔ በኩል የሚበላ አንዲት ነገር ከተገኘች በመድኃኔዓለም፣ ቤቱን ለቅቄ የምወጣው እኔ ነኝ አልኩ። ማንም እንዲህ በል አላለኝም። አፌ ነው።

ሁሉ ጠፋ። ቀይዋ መብራት ግን ትጠቅሳለች፤ ያውም ዓይኗ ውስጥ ጉድፍ እንደገባባት።

አላልኳችሁም አልኩ። የሴትየዋ ቤት ይፈተሽ አልኩ። ዳኛውና ባለቤቴ ገቡ፤ እኔ ከበር ላይ አንገቴን አስግጌ እመራለሁ። ሞተሩ ከሶኬት ተነቅሏል። አምፖሏ ወልቃ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ እንደማላምናት ታውቃለችና አስቀድማ አውልቃታለች። ከጨርቁ ሥር ግን የካውያ እጀታ አየሁ። ያውና አልኩ። ባለቤቴ ጎትታ አወጣችው። የከሰል ካውያ ነው፤ አመድ ሞልቶበታል።

«ከልክለውኝ የለ፣» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ዩኒፎርም ሳይተኮስ አይወሰድም፤ ስለዚህ በዚያ በጠበበ ክፍል፣ ልጆቿ በተኙበት፣ በከሰል ስትተኩስ ነበር የከረመችው። አንዱ ሱሪ ላይ ፍም ወድቆ በስቶታል፤ አሳየችን። ዳኛው ሱሪውን አየ፣ እኔን አየ። እሱ ሳይቀልድ ካለፈ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

ወጥተን ስናይ ቀይዋ አሁንም ትጠቅሳለች። ዘበኛው ላይ ዞርን። ገና ስናየው ስቶቭ አለኝ ብሎ ተናዘዘ። ማንም አልጠየቀውም። ሐጂ ሶኬት ላይ ነው ወይ አሉት። አልጋ ሥር ነው፣ በጋዜጣ ተጠቅልሏል አለ። እውነቱን ነበር። የኔን ሕግ ጥሶ ለስንት ጊዜ እንቁላል ሲጠብስ እንደኖረ እግዜር ይወቀው፤ በዚያ ሰዓት ግን ስቶቩ ጋዜጣው ውስጥ ቀዝቅዞ ተኝቷል።

«የቀረ ቤት አለ?» አለ ዳኛው።

የቀረው የኔ ነበር።

ገባን። ባለቤቴን ቆጣሪው ዘንድ አቆምናት፤ እየጮኸች ትነግረናለች። ፍሪጁ ተነቅሏል። ቴሌቪዥኑ ተነቅሏል። ያቺ ለስሟ የምትበራ አምፖል ጠፍታለች። ሐጂ ሶኬቱን ሁሉ በእጃቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ከውጭ ባለቤቴ አሁንም ትጠቅሳለች ትላለች። እኔ ቆጣሪው ራሱ ታሟል አልኩ። ለሰውም ለዕቃም በሽታ ማውጣት ሲያቅተኝ አይቼ አላውቅም።

ከቤት ወጥተን ግቢው መሐል እንደቆምን፣ ከወደ ጥጉ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጣት እንደማንቋቋት ያህል ነው።

«ቆመች፣» አለች ባለቤቴ።

ማንም ምንም አልነካም። እኔ መሐላዬን አይቶ እግዜር ራሱ አጠፋው አልኩ። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሰማችኝም፤ ጆሮዋ ወደ ጥጉ ነው። ለካ እሷም ጆሮ አላት። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው እየጨሰ ወረደ። እንፋሎቱ በበሩ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተነነ፤ እኛ ዝናብ ላይ ቆመን እንቀጠቀጣለን።

«ዛሬ ረቡዕ ነው፣» አለች። «አባባ የሚታጠቡት ቅዳሜ ነው። ይሄ የሚፈላው ለማን ነው?»

ጥቂት ሙቅ ውሃ እንደወረደ እንደገና ቀጭ አለ። ባለቤቴ ከበሩ ጀመረች አለች። ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ኋላ ያለውን ማብሪያ አጠፋች፤ ባለቤቴ ቆመች አለች። አበራችው፤ ጀመረች። ሐጂ ሦስት ጊዜ አስደገሟት፤ ለምስክር ሦስት ይበቃል አሉ። አንድ ጊዜም ይበቃ ነበር፤ ግን እንዲሰማኝ ፈልገው ነው።

ከዚያ ቦይለሩ ጠፍቶ የሷ ሞተር ይሞከር ተባለ። ሰካችውና የአንድ ሸሚዝ እጅጌ ሰፋች። መኪናው እንደ ልማዱ ተንጫጫ። እኔ ቀይዋ ላይ አፍጥጬ ቆሜያለሁ። ጠቀሰች፤ ቆየች፤ ቆየች፤ በመሐሉ አባታችን ሆይን ደግሜ ልጨርስ ምንም አልቀረኝ፤ ጠቀሰች።

ሐጂ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያስረዱኝ ጀመር። የሚጮኸውና የሚያበራው ጥቂት ነው የሚበላው አሉ። የሚበላው የሚያሞቀው ነው፤ ካውያ፣ ስቶቭ፣ ምጣድ፣ ቦይለር። ያም ቢሆን ካውያና ስቶቭ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ይነቅላቸዋል። ቦይለር ግን ካልጠፋ አያርፍም፤ ውሃው በብርዱ ቀዝቀዝ ሲል ያሞቀዋል፣ ደግሞ ሲበርድ ደግሞ ያሞቀዋል። «ቅዳሜ ለሚመጣ እንግዳ ከእሑድ ጀምሮ ድስት ሥር እሳት እየማገድክ ነው የሰነበትከው፤ እንግዳውም አንተው ነህ» አሉኝ። ፍሪጁን ማታ መንቀሌንም ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌሊት የሞቀውን ጠዋት እንደገና ለማቀዝቀዝ የበለጠ ይለፋል እንጂ ምንም አላተረፍክም አሉ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ለወተቶቿ ሁሉ ፍርድ ያገኘች መሰለች።

እስከዚህ ድረስ ተሸክሜዋለሁ። ያልቻልኩት ቀጥሎ የተናገሩትን ነው።

«የመብራት ዋጋ አንድ ዓይነት አይደለም፣» አሉ። «ጥቂት የበላ በርካሽ ይበላል፤ ብዙ በበላህ ቁጥር እያንዳንዷ ጉርሻ እየተወደደች ትሄዳለች። ቆጣሪያችሁ ደግሞ አንድ ነው። የሷን ትንሽ ጉርሻ ያስወደድክባት አንተ ነህ። እሷን ነው ውጪ ያልካት።»

ይህን እኔ አላውቅም ነበር።  የሰማያዊው ጨርቅ ክር ከጋቢዬ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ እሱን መልቀም ጀመርኩ።

ዳኛው ግን አልማረኝም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል።

«መቼ ነው የምትወጣው?» አለኝ።

«የት?»

«ምለሃል እኮ። መድኃኔዓለምን ጠርተህ። ከኔ ከተገኘ ቤቱን እለቃለሁ ብለሃል። ለሷ እስከ ወሩ መጨረሻ ሰጥተሃታል፤ ላንተም እስከ ወሩ መጨረሻ ይበቃሃል።»

ባለቤቴ ልብሱን ላጣጥፍለት ወይ አለች። ዘበኛው በጋቢው ውስጥ ሆኖ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሐጂ ብቻ ናቸው ያልሳቁት፤ መሐላ ጨዋታ አይደለም አሉ። መሐላውን ልትፈታለት የምትችል የተበደለችው ናት፤ እሷ ቆይ ካለችው ይቆያል፣ ውጣ ካለችው ይወጣል ብለው ፈረዱ። ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ።

 ከሰባ ዓመት በላይ በኖርኩበት ግቢ ውስጥ፣ አባቴ በተከለው ባሕር ዛፍ አጠገብ፣ የኪራይ ቤት ውስጥ የምትኖር ሴት ምን ትለኝ ይሆን ብዬ አፍ አፏን አየሁ። ያን ጊዜ ነው፣ በሯ ላይ ሄጄ የቆምኩ ዕለት እሷ ምን እንደተሰማት ያወቅሁት። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አይገባኝም ነበር።

«አባባ ይቆዩ፣» አለች። «እኔም እቆያለሁ። ግን የቦይለሩ ማብሪያ በኔ እጅ ይሁን፤ የኤሌክትሪክ ካውያም ይፈቀድልኝ።»

በገዛ ቤቴ አልኩ። ዳኛው፣ የገዛ ቤትህ አይደለም፣ ምለህ ለቅቀሃል፤ አሁን በሷ ፈቃድ ነው የተቀመጥከው አለኝ። ሐጂ በማግሥቱ ሠራተኛ ላኩ፤ ማብሪያውን ከመታጠቢያ ቤቱ አውጥቶ ከሷ በር አጠገብ፣ ክፈፉ ሥር ገጠመው። የከሰሉን ካውያ ባለቤቴ ወስዳ የዶሮ ውሃ ማጠጫ አደረገችው።

ለዚያች ሴት ይቅርታ አላልኳትም። ይቅርታ የሚባለው ቃል ጥርሶቼ ሲወልቁ አብሮ የወለቀ ይመስለኛል። ግን አምፖል መቁጠሩን ተውኩ፤ ሞተሩ ሲንጫጫም ጓዳዬ ገብቼ ማዳመጡን ተውኩ። ካርዱም ዕድሜው ረዘመ፤ እሷ ቀኑን ሙሉ በኤሌክትሪክ እየተኮሰች እንኳን ከበፊቱ አልፎ ሄደ። ዩኒፎርሙን ጳጉሜ ሳያልቅ አስረከበች። ትምህርት የተከፈተ ዕለት በራችን ላይ ሰማያዊ ለባሽ ሲጎርፍ ቆሜ እጅጌ እጅጌአቸውን አየሁ፤ የትኛው ያን ዕለት የተሰፋው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

የቀረው የኔ ገላ ነው። አብሪልኝ ብዬ አልለምንም አልኩና በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። የላፍቶን የክረምት ውሃ የማያውቅ ሰው ይህን ቢያነብ አይገባውም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ትንፋሼ ተቆርጦ ወጣሁ። በሁለተኛው ወገቤ ተያዘ። በሦስተኛው ቅዳሜ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ሳላስበው በሯ ላይ ቆሜ ተገኘሁ።

«ልጄ።»

«አቤት አባባ።»

«ዛሬ ይበርዳል» አልኳት።

ይበርዳል አለችኝ። እጇን ከጨርቁ ላይ አላነሣችም።

«ያቺን ነገር ብታበሪያት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ማብራት አያስፈልግም አለች። እማማ በየቅዳሜው ጠዋት ያስበሩኛል፣ ታጥበው ሲወጡ አጠፋዋለሁ፤ ዛሬም ታጥበዋል፤ የተረፈው ገና ትኩስ ነው አለች። እኔ ሦስት ቅዳሜ ስንቀጠቀጥ ባለቤቴ ለካ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ስትታጠብ ከርማለች። ቀና ስል ባለቤቴ ከሳሎኑ በር ላይ ፀጉሯን እያደረቀች ታየኛለች። አልጠየቅኸኝም አለችኝ።

ገባሁ። ውሃው ወገቤ ላይ ሲወርድ ማን እንዳበራው፣ ማን እንደፈቀደው ሁሉ ጠፋኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳሙናውን እየደፈደፍኩ ሳለ ልብስ ሰፊዋ ከውጭ ልጆቿን ስትጠራ ሰማሁ። ልብሳችሁን አውልቁ፣ አባባ ሲወጡ እናንተ ትገባላችሁ ትላቸዋለች። ትንሹ ልጅ ይተርፈናል ወይ ብሎ ጠየቃት።

ጆሮዬ ውስጥ ሳሙና እንዳለ ቧንቧውን ዘጋሁት።